ወጡን ሳይሆን አስተራረዱን ቀየርን

አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የጋራ ግቢ ነው የምንኖረው። በዓል ሲደርስ ግቢው ላባ በላባ ይሆናል። ስለ ወፍ ጉንፋን አጥብቄ ማንበብ የጀመርኩት በድመታችን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፖላንድ ውስጥ የቤት ድመቶች በዚህ በሽታ ሞቱ። በዓመቱ ደግሞ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ የታመሙ ላሞችን ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶች ሞቱ። የእኛዋ ድመት በየበዓሉ ድርሻዋ ጥሬ የዶሮ አንጀት ነበር።

ብዙ ሰው የሚፈራው ወጡን ነው። በ1998 ዓ.ም. በሽታው ሱዳንና ጅቡቲ ሲገባ እዚህ አዲስ አበባም ዶሮ ፈላጊ ቀንሶ ነበር። ግን ቫይረሱን 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይገድለዋል። ቁሌቱ ውስጥ ሲንተከተክ የቆየ ዶሮ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጣጣው ያለው ከድስቱ በፊት ነው፤ ሲታረድ፣ ሲነጭ፣ ሆዱ ሲከፈት። የታመመ ዶሮ ቫይረሱን በኩሱና በአፍንጫው ፈሳሽ ያወጣል። ይህ በነካው እጅ ዓይንን መንካት ወይም የደረቀ ኩስ አቧራ መተንፈስ ይበቃል። ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ H5N1 በተባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት መያዛቸው በዓለም ላይ ከተረጋገጠ ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል።

እማዬን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «እናቴም እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ ምን ሆንኩ?» አለችኝ። መከራከሩን ተውኩና «ለድመቷ ስትይ» አልኳት። እሺ አለች። ሰው ለራሱ የማይጠነቀቀውን ለሚወደው ይጠነቀቃል፤ ለጎረቤቶቻችንም የነገርኳቸው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን የምናርደው ቧንቧው አጠገብ፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ቦታው እስኪጸዳ ልጆችና ድመቷ ቤት ይቆያሉ። የሚነጨው ሰው ማስክና ጓንት ያደርጋል። ላባው በፈላ ውሃ በደንብ ይርሳል፤ በደረቁ ከተነጨ ይበናል። ዶሮውን የምናጥበው ሳፋ ውስጥ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲለቀቅበት ዙሪያውን ይረጫል። ሎሚና ጨው ጠረኑን ያጠፋሉ፣ ቫይረሱን የሚገድለው ግን እሳቱ ነው። የዶሮው ቢላና መክተፊያ ሰላጣ አይነካም። ላባውና ቆሻሻው በድርብ ፌስታል ታስሮ ይጣላል። መሬቱ መጀመሪያ በኦሞ፣ ከታጠበ በኋላ በበረኪና ይጸዳል። ቫይረሱ የቅባት ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። የድመቷ አንጀት ይቀቀላል፤ ወተቷም ይፈላል። ስትቀምሰው ምንም ቅር አላላትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ልማድ ነው። ዶሮ ክንፉን ጥሎ ሲያንቀላፋ «ፈንግል ነው፣ ሳይሞት እንረደው» ይባላል። ገንዘቡ እንዳይባክን ነው፤ የዶሮን ዋጋ ለሚያውቅ ይገባዋል። ነገር ግን ፈንግልና ወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ዶሮዎችን በድንገት ይፈጃሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ ጭንቅላት ያሳብጣሉ። የሚለያቸው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ ነው ያለው። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባትም ወፍ ጉንፋንን አይከላከልም። ስለዚህ ሾላ ገበያ ስንገዛ ላባው የተንጨባረረ፣ ዓይኑ የከበደ ዶሮ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አንወስድም። ቤት ከመጣ በኋላ ከታመመ አይታረድም። ዶሮዎች በአንዴ ከሞቱ በባዶ እጅ ሳይነኩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው።

ድመት ደግሞ ከጥሬ ሥጋ ወይም ከሞተ ወፍ በኋላ ካተኮሳት፣ ከተንገዳገደች ወይም ማየት ካቃታት ቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሰውም የታመመ ዶሮ ነክቶ በቀናት ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከጀመረው፣ ወይም ዓይኑ ከቀላ፣ ለሐኪሙ ስለ ዶሮው ይንገረው። ካልተነገረው ተራ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የበለጠ ይረዳል።