የአሮጌዋ ቫኔ ስፖኪዮ፦ አንዱን ሰብሬ ነው ሌላውን ያዳንኩት

ቫኗ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ፣ በስፖኪዮው ከኋላዬ የሚታየኝ መኪና አንድ ሳይሆን ሦስት ነበር። ቀልዴን አይደለም። መስተዋቱ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ የመኪና መብራት የተዘረጋ ክር ይመስላል፤ ሞተር ሳይክል ይሁን አውቶቡስ፣ ይምጣ ይቁም፣ አይለይም። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ መንቀጥቀጡ ቀነስ ይልና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ነፋሱ የስፖኪዮውን ራስ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ትንሽ እንደሄድኩ የማየው መንገዱን ሳይሆን የገዛ ጆሮዬን ነው።

ቫኗ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ሥሪት ናት። የድሮ ስፖኪዮዎቿን ዝገት ስለጨረሳቸው ኮፒ ገዛሁ፤ ማለትም የድሮውን አስመስለው ዛሬ የሚሠሩትን። ከካርቶን ሲወጡ ሲያብረቀርቁ ማየት ነው! ፎቶ ላይ ከኦሪጅናሉ አትለያቸውም። እጅ ላይ ግን ይለያሉ። የድሮውን ዝገታም ክንድ በአንድ እጄ፣ አዲሱን በሌላው ይዤ ሳመዛዝን አዲሱ ባዶ እስክሪብቶ ያህል ቀለለኝ። የድሮው ድፍን ብረት ነው፤ አዲሱ ቱቦ ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ‘ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው’ ብዬ ገጠምኩት።

ሲነቃነቅ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። አጠበቅኩት። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ላላ፣ እንደገና አጠበቅኩት። በሦስተኛው ጊዜ ተናደድኩና የግራውን ስፖኪዮ እግር፣ በሩ ላይ የሚያርፈውን ማለቴ ነው፣ በ10 ቁልፍ አንድ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ‘ትንሽ ብቻ’ ብዬ ሩብ ጨመርኩ። ቀጭ! ድምፁ እንደ ደረቅ ብስኩት ነው። እግሩ ከመሐል ለሁለት ተከፈለ፣ ስፖኪዮው በአንድ ቡሎን ተንጠልጥሎ ቀረ።

የተሰበረውን አገላብጬ ሳየው ግን ብዙ ነገር ነገረኝ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ክሮም ነው፤ ውስጡ ግራጫ፣ እንደ ስኳር ቅንጣት ቅንጣት ያለው ነገር። ይሄ ብረት አይደለም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው። ለማምረት ርካሽ ነው፣ የፈለጉትን ቅርጽ ይይዛል፣ ክሮምም ይቀበላል። ችግሩ፣ ብረት ከመሰበሩ በፊት ይታጠፋል፣ ያስጠነቅቅሃል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዴ ይሰነጠቃል።

ለምን እንደተሰበረም ታየኝ። የእግሩ ታች ጠፍጣፋ ነው፣ የቫኗ በር ደግሞ ክብ ብሎ ወደ ውጭ ያብጣል። ስለዚህ እግሩ በሩን የሚነካው መሐሉ ላይ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ቡሎኖች ያሉት ደግሞ ዳርና ዳር ነው። እኔ ‘እያጠበቅኩ’ ሲመስለኝ እግሩን እያጠፍኩት ነበር። ሲነቃነቅ የነበረውም ለዚህ ነው፤ እንደ ሚዛን መሐሉ ላይ ቆሞ ይወዛወዝ ነበር። ባጠበቅኩት ቁጥር ላሜራው ትንሽ ይሰረጉድና ለጊዜው የያዘ ይመስላል።

የቀኙን ግን ቁልፍ ሳላነሳ በፊት መመርመር ጀመርኩ። ዘዴው ሞኝ የሚመስል ግን የሠራልኝ ነው። ቀጭን ማርከር ወስጄ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከበሩ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ መስተዋቱን ወደያዘው ራስ። ክሮሙ ላይ በአልኮል ስለሚጠፋ ግድ የለም፤ በሩ ላይ ግን ቀለሙን እንዳላበላሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ እሱ ላይ ነው ያሰመርኩት። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ነዳሁ። ስመለስ የበሩና የእግሩ መስመር እንደነበረ ነው። የእግሩና የክንዱም እንደዚያው። የክንዱና የራሱ መስመር ግን የእህል ፍሬ ያህል ተላልፏል። በቃ፣ ነፋሱ የሚያዞረው እዚያ ጋ ነው።

መስመር የሚያሳየው ግን የተንሸራተተን ነገር ነው። ተንቀጥቅጦ ወደ ቦታው የሚመለሰውን አያሳይም። ለሱ ታናሽ ወንድሜን ጠራሁትና ስፖኪዮውን እንዲያወዛውዝልኝ አድርጌ እኔ በጣቴ አንድ በአንድ መገጣጠሚያዎቹን እየዳሰስኩ ፈለግኩ። ምንም። ሁሉም የጠበቀ ነው። ወንድሜ ነው ያየው።

‘አንተ፣ ስፖኪዮውን ተወውና በሩን እየው!’

እውነቱን ነበር። ላሜራው ራሱ ይተነፍሳል። የበር ላሜራ ከአንድ ሚሊ የማይበልጥ ቆርቆሮ ነው፤ ረጅም ክንድ ጫፉ ላይ መስተዋት ተሸክሞ ሲገፋው እንደ ጣሳ ክዳን ይገባል ይወጣል። ቡሎኑን ብትበይደው እንኳ ይሄ አይቆምም።

ስለዚህ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታሁ። ሁለት ሚሊ ውፍረት ካለው ብረት መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጬ፣ ሁለት ቀዳዳ በትራፓኖ በስቼ፣ ጠርዙን ሞርጄ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀብቼ ከላሜራው ጀርባ አስገባሁት። ዳዶዎቹ አሁን የሚነክሱት ቆርቆሮውን ሳይሆን ይሄን ብረት ነው፤ ጫናው በመዳፍ ስፋት ይበተናል። ቁራጩን በሩ ውስጥ ጥዬው በሁለት ጣት ለማውጣት ስታገል ያጠፋሁትን ጊዜ አላወራም። ከማስገባትህ በፊት ክር እሰርበት፤ በሩ ውስጥ ካለው የመስኮት ማውረጃ ጋር ከተጣላህ ያንተ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የእግሩ ታች። በሩ ላይ ቀለሙ እንዳይጫር የወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ድርብ ለጠፍኩ። በላዩ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሸካራው ወደ ላይ ሆኖ። ከዚያ እግሩን ልክ በሚቆምበት ቦታ ወዲያ ወዲህ አሸሁት። በሩ ራሱ ቅርጹን እግሩ ላይ ይቀርጻል ማለት ነው። መጀመሪያ መሐሉ ብቻ ነጣ፣ ከዚያ ነጩ እየሰፋ ሄደ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቼ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ። ዚንክ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፣ እዚህ ጋ ድክመቱ ጠቀመኝ። የተፋቀውን ቦታ ቀለም ቀባሁት፣ ዚንክና ብረት ውኃ መሐላቸው ከገባ የሚበላው ዚንኩ ነውና። አብሮ የመጣውን ወፍራም ጎማ ጥዬ አንድ ሚሊ በሆነ ስስ ጎማ ተካሁት። ወፍራም ጎማ ንዝረት የሚውጥ ይመስላል፤ በረጅም ክንድ ሥር ሲሆን ግን ትራስ ላይ እንደ መቆም ነው።

ቡሎኖቹ 6 ሚሊ ናቸው። ለጠንካራ ብረት ቡሎን በዚህ መጠን የሚመከረው የማጥበቂያ ጉልበት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ከተሰበረው ተምሬ በ5 አቆምኩ። እንዳይላላ የሚያደርገው ጉልበት ሳይሆን ሰማያዊው ሎክታይት፣ ማለትም የቡሎን ጥርስ ማጣበቂያው ነው። እሱ የሚደርቀው አየር ሳያገኘው ብረት ከብረት መሐል ሲሆን ነው። ጥርሱ ላይ ዘይት ካለ ግን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ቡሎኑንም ዳዶውንም አስቀድሜ በአልኮል አጠብኩ። ቀዩን አትንካ። እሱን ለመፍታት እሳት ያስፈልጋል፤ ዚንክና ክሮም አጠገብ እሳት ማቀጣጠል ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ መሞከር አያስፈልግም።

አሁን ወደሚዞረው ራስ። እዚያ ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ኳስ ናት፤ በሞላ ተገፍታ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ከሥር አንድ ዳዶ ያጠብቃታል። ሞላዋን ሳወጣ በሁለት ጣት ጨፈለቅኳት፤ የእስክሪብቶ ሞላ ናት ማለት ይቻላል። የሚያሳፍረው ግን ኳሷ ላይ ግሪስ መኖሩ ነው። ፋብሪካ የቀባው እንዳይመስልህ። እኔ ነኝ! ከወራት በፊት ሲንጣጣብኝ ድምፁን ለማጥፋት ቀብቼው ረስቼዋለሁ። በሰበቃ ብቻ የሚይዝ ነገር ላይ ግሪስ ቀብቼ ለምን ይዞራል ብዬ ስናደድ ነበር።

ግሪሱን በአልኮል ጠረግኩ። የኳሷን ክሮም፣ ከውጭ በማይታየው በኩል፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አደበዘዝኩት። ሞላዋን ጥዬ ሾጣጣ ሮንዴላዎች አስገባሁ፤ እነዚህ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያሉት ናቸው። ሁለቱን አንዱን ባንዱ ውስጥ፣ እንደተደራረበ ሳህን ካደረግካቸው ጉልበታቸው እጥፍ ይሆናል። ፊት ለፊት ካዞርካቸው ግን እጥፍ የሚሆነው መጨመቂያ ርቀታቸው ነው እንጂ ጉልበታቸው አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ዳዶውንም ናይለን ባለው ቀየርኩት። አሁን ራሱን ለማስተካከል ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እንደዚያ መሆንም አለበት፤ የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፣ ከ40 ወደ 80 ስትሄድ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

መስተዋቱ ራሱም ቤቱ ውስጥ ይንኳኳ ነበር። ይሄን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ቤት ያገኘሁትን ሲሊኮን ከጀርባው ቀባሁ፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን። ያ ሽታ አሲድ ነው። ከሳምንታት በኋላ ከመስተዋቱ ዳር ጥቁር ነጠብጣብ መውጣት ጀመረ፣ ጀርባ ያለውን ብርማ ሽፋን እየበላው ማለት ነው። አዲስ መስተዋት አስቆርጬ በማይሸተው፣ ለመስተዋት ተብሎ በሚሸጠው ሲሊኮን ለጠፍኩ። በነገራችን ላይ ስታስቆርጥ የድሮው ጠፍጣፋ ይሁን ጎበጥ ያለ እይ። ጎበጥ ያለው ሰፋ አድርጎ ያሳያል ግን ነገሩን ያርቀዋል፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ከሆነ የኋላው መኪና የት እንዳለ መገመት ራስ ምታት ነው።

ይሄን ሁሉ ሠርቼ ሞተር ሳስነሳ ምን ሆነ? ሦስቱ መኪና ሁለት ሆነ።

ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር ናት፣ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞረው) በደቂቃ 900 ዙር፣ ማለትም በሰከንድ 15። ባለ 4 ሲሊንደር በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። ስለዚህ ቫኗ በሰከንድ 30 ጊዜ ትመታለች። እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ክንድ ደግሞ የራሱ የመወዛወዣ ምት አለው፤ ዥዋዥዌ በትክክለኛው ሰዓት ከገፋኸው በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚለው፣ የክንዱ ምት ከሞተሩ ጋር ሲገጥም መንቀጥቀጡ ይበዛል። ለዚህ ነው ነዳጅ ትንሽ ረገጥ ሳደርግ ጸጥ የሚለው። ልልነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲጨምር እሱም ይጨምር ነበር።

ቱቦው ውስጥ ድፍን ብረት ልክተት አልኩ መጀመሪያ። ሒሳቡ አላስደሰተኝም፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው የቱቦው ውጨኛ ክፍል ነው፣ መሐሉን መሙላት ያን ያህል አይጨምርም። ርዝመቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የክንድ ግትርነት በርዝመቱ ኩብ፣ ማለትም ርዝመቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ይቀንሳል። 25 ሳንቲም የነበረውን 20 ባደርገው ግትርነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ከመቁረጤ በፊት ራሱን ፈትቼ በፕላስተር በአዲሱ ቦታው ላይ አስሬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የቫኗ ጎን ከበፊቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ መስተዋቱ ውስጥ ገባ፣ መንገዱ ግን በደንብ ይታያል። ከዚያ ነው መጋዝ ያነሳሁት። የቆረጥኩት እግሩ ውስጥ በሚገባው ጫፍ በኩል ስለሆነ የተቆረጠው አይታይም። ክሮም በመጋዝ ሲቆረጥ ስለሚሰነጠቅ ፕላስተር ጠቅልዬበት ነው የቆረጥኩት።

ለግራው አዲስ እግር አስመጥቼ ያንኑ ሁሉ ደገምኩ፤ ቀኙ ሁለት ቅዳሜ የፈጀብኝን ግራው በግማሽ ቀን አለቀ። አሁን በሚኒሞ ስቆም ከኋላዬ ያለው አንድ መኪና ነው፣ ሹፌሩ ሲያዛጋም አይቻለሁ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም ግን። ወደ ላይ ተገፍቷል፤ ሞተሯ 1,300 ዙር አካባቢ ስትደርስ ሁለቱም መስተዋቶች ለአፍታ ብዥ ይሉና ይለቃሉ። ያን ጊዜ እኔ ማርሽ እየቀየርኩ ስለሆነ የማየው ፊት ለፊት ነው።