«ብሔር» የሚለውን ቃል ለማስረዳት ስል እንዴት እንዳነበብሁ

በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ብሔርተኝነትና ስለ ዲሞክራሲ የተጻፉ የሶሲዮሎጂ መጻሕፍትን ማንበብ የጀመርሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ግን ባክነዋል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ የምከፍተው ደራሲው ምን እንደሚል ለመረዳት ሳይሆን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሚነሣ ክርክር ላይ የምጠቅሰው ዐረፍተ ነገር ፍለጋ ነበርና የሚስማማኝን አሰምርበትና የማይስማማኝን አልፈው ነበር።

ይህን ልማድ ያስተወኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። «ሕገ መንግሥቱ ብሔር የሚለውና ብሔራዊ ባንክ ስንል የምንለው አንድ ቃል ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ አልሁት፤ መልሱ ግን ወራት ወሰደብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዤ በግራው ገጽ ደራሲው የሚመረኮዝበትን ዋና ቃል፣ በቀኙ ደግሞ በአማርኛ ልተካው የሞከርሁትን ቃልና ቃሉ የሚሰናከልበትን ቦታ መጻፍ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቃል «ብሔር» ነበር። በግእዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ እግዚአብሔር የሚለው ስምም ይህንኑ ይዟል። ብሔራዊ ባንክና ብሔራዊ ቴአትር ስንል የምንናገረው በዚህ በጥንቱ ትርጉም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ቃሉን ከአገር አንሥቶ በአገር ውስጥ ለሚኖር ሕዝብ ሰጥቶታል። አንድ ቃል ሁለት ዕቃ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው፤ ብዙ ክርክራችንም የሚከረው አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ ስለሚናገር ይመስለኛል።

ይህን ካስተዋልሁ በኋላ የብሔርተኝነት አጥኚው ኧርነስት ጌልነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመውን መጽሐፍ እንደ አዲስ አነበብሁት። ጌልነር ብሔርተኝነትን የሚፈታው የፖለቲካው ወሰንና የብሔሩ ወሰን መገጣጠም አለባቸው የሚል መርህ ነው ብሎ ነው። «ብሔር»ን በግእዙ ትርጉም ከወሰድነው ዐረፍተ ነገሩ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም፤ በሕገ መንግሥቱ ትርጉም ከወሰድነው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱ መንግሥት ይገባዋል የሚል ይመስላል። ጌልነር ግን መርሁን ይተነትናል እንጂ አይሰብክም። ብሔር ሊሆኑ የሚችሉት ማኅበረሰቦች ሊኖሩ ከሚችሉት መንግሥታት እጅግ እንደሚበዙ ራሱ ያመለክታል፤ ዋና ጥያቄውም የኢንዱስትሪ ኅብረተሰብ በትምህርት ቤት የሚሰጥ አንድ ወጥ ባህል ለምን አስፈለገው የሚል ነው። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ደራሲው ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ስፈልግበት ኖሬአለሁ።

በዚያው በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የሌላው የብሔርተኝነት አጥኚ የቤኔዲክት አንደርሰን መጽሐፍ ይበልጥ አስቸገረኝ። አንደርሰን ብሔርን በምናብ የተሣለ ማኅበረሰብ ይለዋል። መጀመሪያ «የፈጠራ ማኅበረሰብ» ብዬ ጽፌ ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው አንዱ «እንግዲያው ውሸት ነው ማለት ነው» አለ፤ እኔም የተረዳሁት እንደዚያው ነበር። ነገር ግን አንደርሰን ጌልነርን የሚነቅፈው ራሱ በዚህ ነጥብ፣ መፍጠርን ከማስመሰል ጋር አዳብሏል ብሎ ነው። ከትንሿ ብሔር አባላት እንኳ አብዛኞቹ በሕይወት ዘመናቸው አይተዋወቁም፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ኅሊና ውስጥ አለ። ስለዚህ «የፈጠራ» የሚለውን ሰርዤ «በኅሊና የሚኖር» ብዬ ጻፍሁ፤ ፍጹም ባይሆንም ቢያንስ አያሳስትም።

አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ወዳጄ በዚህ ሥራ በእጅጉ ረድቶኛል። በእነርሱ ቋንቋ ብሔርተኝነት «ሰቦኑማ» እንደሚባልና ሕዝብ ማለት ከሆነው «ሰበ» እና መኩራት ማለት ከሆነው «ቦኑ» እንደተዋቀረ ነገረኝ። በአማርኛው ቃል ውስጥ ኩራት የለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደ ወቀሳ ይነገራል። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች አንዱን ጉዳይ በሁለት ስሜት የሚሰሙት ለምን እንደሆነ ከዚያን ቀን በፊት አስቤ አላውቅም ነበር።

ብሔር ማለት ምን እንደሆነ የሚፈታውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39ንም መልሼ አነበብሁ። በኋላ የሶቭየት ኅብረት መሪ የሆነው ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔር ለመባል የጋራ ቋንቋ፣ ግዛት፣ የኢኮኖሚ ኑሮና በባህል የሚገለጽ የሥነ ልቦና አንድነት ያስፈልጋል ብሎ ነበር። የእኛው አንቀጽ ኢኮኖሚውን ትቶ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመንን ጨምሯል። ይህ እምነት ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኧርነስት ረናን እ.ኤ.አ. በ1882 በሶርቦን ንግግሩ ብሔርን በየዕለቱ እንደሚካሄድ ሕዝበ ውሳኔ ከቆጠረበት ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። ለተማሪዬ ይህን ሳሳየው ከአንቀጹ ቃላት ሁሉ የመረጠው «የሚያምኑ» የሚለውን ነበር።

«ዲሞክራሲ» ግን ሳይተረጎም ስለገባ የማውቀው መስሎኝ አልፌው ነበር። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ዳል እ.ኤ.አ. በ1971 መንግሥታትን የሚለካው በሁለት መስፈርት፣ በተሳትፎ ስፋትና በፉክክር ነጻነት ነው። መስፈርቱን ወደ ሰፈራችን እድር ወሰድሁት፤ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ጉራጌውና አማራው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጥበት እድር ነው። በሊቀ መንበሩ ምርጫ አባላት ሁሉ እጃቸውን ያወጣሉ፣ የሚቀርበው እጩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ተሳትፎው ሙሉ፣ ፉክክሩ ባዶ መሆኑን ያየሁት የዳልን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ከጻፍሁ በኋላ ነው። ይህን ለጸሐፊያችን ስነግራቸው «ልጄ፣ ተፎካካሪ ያለበት እድር ለቅሶ ላይ አብሮ ይቆማል?» አሉኝ፤ ጥያቄያቸውን በደብተሩ ላይ ከዳል ስም ሥር አሰፈርሁት።

አሁን የያዝሁት የጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ የማክስ ቬበርን ጽሑፍ ነው። ሌላው ቢቃወምም እንኳ ፈቃድን የማስፈጸምን አቅምና ታዛዡ ትክክል ነው ብሎ የሚቀበለውን ገዥነት ይለያል፤ እኛ ሁለቱንም «ሥልጣን» እንላቸዋለን። እስከ አሁን «ኃይል»ና «ቅቡል ሥልጣን» እያልሁ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ተማሪዎቼን ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወስዳቸው እነዚህን ሁለት ቃላት እዚያ ልሞክራቸው አስቤአለሁ።