የሳምልስበሪዋ ነጭ ለባሽ መንፈስ

ሰሞኑን ሐሳቤ ከሳምልስበሪ ቤት አልወጣ ብሏል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በፕረስተንና በብላክበርን መካከል ያለ፣ በጥቁር እንጨትና በነጭ ልስን የተሠራ የባላባት ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሳውዝዎርዞች ካቶሊክነት በሚያስቀጣበት ዘመን በካቶሊክነታቸው የጸኑ ነበሩ።

ቤቱ ስሙ የገነነው በዶሮቲ መንፈስ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ይህች የቤቱ ልጅ ፕሮቴስታንት የሆነ የጎረቤት ባላባት ልጅ ወደደች። አብረው ሊጠፉ በተቀጣጠሩበት ሌሊት ወንድሟ አድፍጦ ልጁን ገደለው። እሷ ባሕር ማዶ ገዳም ተላከች፤ አእምሮዋን ስታ ሞተች። እስከ ዛሬ ነጭ ለብሳ ስታለቅስ ትታያለች ይላሉ።

አንጀት ይበላል። ግን በዚህ አፈ ታሪክ ገዳዩ ካቶሊኩ ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 1585 የፕሮቴስታንቱ መንግሥት ያወጣው ሕግ ደግሞ ባሕር ማዶ ክህነት ተቀብሎ እንግሊዝ የተገኘን ካህን በአገር ክህደት ያስገድል ነበር። ከዚሁ ዘር የሆነው አባ ጆን ሳውዝዎርዝ፣ ለንደን በወረርሽኝ ስትታመስ በሽተኞችን ቤት ለቤት ሲረዳ የኖረው ሰው፣ በ1654 የለንደን መስቀያ ስፍራ በነበረው ታይበርን ላይ ተሰቀለ፤ አካሉም ተቆራረጠ። አሁን ዌስትሚንስተር ካቴድራል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ዐርፏል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የጄን ነገር ነው። ጄን ሳውዝዎርዝ የዚህ ቤት ምራት ነበረች፤ ፕሮቴስታንት ሆነች። በ1612 ባሏ በሞተባት ሰሞን ግሬስ ሶወርበትስ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ እሷን፣ የገዛ አያቷንና አክስቷን በጥንቆላ ከሰሰቻቸው። ሕፃን ገደሉ፣ ሬሳውን ከመቃብር አውጥተው በሉ አለች። ላንካስተር ፍርድ ቤት ልጅቷ ስትመረመር አንድ የካቶሊክ ካህን እንዳስጠናት ወጣ፤ ካህኑም ከዚያው ከሳውዝዎርዝ ቤተሰብ ነበር። ሦስቱም ነጻ ተለቀቁ። በዚያው ችሎት በጥንቆላ የተከሰሱ ሌሎች ግን ተሰቅለዋል።

አንድ ምስክር በጄን ላይ የሰጠውን ቃል ካነበብኩ ወዲህ ሰላም አጣሁ። የቀድሞ ጌታው ሽማግሌው ሰር ጆን ሳውዝዎርዝ፣ «ክፉ ሴት ናት፣ ጠንቋይ ናት» እያሉ በቤቷ ደጅ ላለማለፍ ይሸሹ ነበር ብሏል። ሰር ጆን ለእምነታቸው የታሰሩ ሰው ናቸው። መሳደድን የቀመሱት ሰው የልጅ ልጃቸውን ሚስት ፈርተው መንገድ ይቀይሩ ነበር። ጄን ከችሎት ነጻ ወጥታ ስትመለስ እነዚያን ዘመዶች በምን ዓይን አየቻቸው? ልጆቿስ ማንን አጎት ብለው ጠሩ?