ሦስት ሜትር ከአርባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ትምህርት ቤት እንሠራ ነበር። እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ጊዜው ነሐሴ። የጎጃምን ክረምት ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ አሸዋ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተይዞ ያድራል። እኛ ደግሞ ለመስከረም መድረስ አለብን።

የቀረን ራምፑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ ነው። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ሆኖ ይሠራ ይል ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። የእኛ በረንዳ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

ግን ሲሚንቶ አልቋል። ፊት ለፊት ደግሞ ትልቅ ግራር ቆሟል። «ሁለት ሜትር ይበቃል፤ ማን ሊወጣበት ነው?» ብዬ አስሞላሁት። ሽማግሌው ግንበኛችን አዩት፣ አዩት፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለፍየል ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ተቆጣጣሪውም ፈረመ። ራምፕ ተብሏል፣ ራምፕ አለ።

የምዝገባ ቀን አንዲት ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ታላቅ ወንድሟ እስከ በሩ ገፋትና «በቃ፣ ተወኝ» አለችው። ጎማውን በእጇ እያሽከረከረች ቀጥ ብላ ወደ ራምፑ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እንደገና። አሁንም ወረደች። በሦስተኛው ፊተኛው ጎማ ከመሬት ሲነሳ ልቤ ቀጥ አለ። ሮጬ ወንበሩን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ልቀቀኝ።»

«ልግፋሽ እንጂ!»

«ነገም ትመጣለህ?»

ምን እላለሁ? ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ነኝ። ለቀቅኳት።

ከወንበሩ ወረደች። ጀርባዋን ወደ በረንዳው አዙራ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። በሁለት እጇ መሬቱን እየገፋች አንድ ጊዜ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ከዚያ ወንበሩን ትጎትታለች። ደግሞ ትሳባለች፤ ደግሞ ትጎትታለች። አዲሱ ዩኒፎርሟ አመድ መሰለ። ላይ ስትደርስ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፋ ወንበሯ ላይ ወጣችና ወደ መዝጋቢው ሄደች።

ለምዝገባ የመጣው ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። «ጎበዝ! አንበሳ!» ይላል። እውነትም ጎበዝ ናት። እኔ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ያን ሁሉ የለፋችው እኔ ለቆጠብኳት 3 ሜትር ከ40 ነዋ። የእኔን ጥፋት በእጆቿ ስትከፍል ነበር የሚጨበጨብላት።

በማግስቱ አፈረስነው። አለቃዬ በስልክ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። የሲሚንቶውን ግማሽ ከኪሴ ከፈልኩ። ግራሩን ላለመቁረጥ ራምፑን አጠፍነው፤ መታጠፊያው ላይ ወንበር የሚያዞር 1 ሜትር ከ50 ደልዳላ ቦታ ተውን። ሽማግሌው ውሃ ልካቸውን በየእርምጃው እያጋደሙ ሠሩት። ስለ ፍየሏ ዳግመኛ አላነሱም፤ ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር።

ሲደርቅ ልጅቷን አስጠራናት። ቀስ ብላ ወጣች። መታጠፊያው ላይ ትንሽ አረፈች፣ ዞረች፣ ቀጠለች። አንድም ጊዜ አልተንሸራተተችም። ላይ ሆና የመደገፊያውን ብረት ለመያዝ እጇን አነሳች። አልተመቻትም።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት ለትልቅ ሰው ነው እንዴ?»

90 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር ያስበየድኩት። ሽማግሌው ቀና ብለው ግራሩን ማየት ጀመሩ። እኔ ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ።