ጥር 7 ወይስ ጁላይ 5?

ጡረታ እንደወጣሁ ከቨርጂኒያ ጠቅልዬ ለገጣፎ ገባሁ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለታከሙበት አይከፍልም። ስለዚህ ውጭ አገር ለሚኖሩ የሚሸጠውን ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ ገዛሁ። ከባሰብኝ በአውሮፕላን ናይሮቢ ድረስ ይወስደኛል። የምታብለጨልጭ ካርድም ላኩልኝ። በቃ፣ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በ2016 ለጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀኝ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። ጎረቤቴ በመኪናው ይዞኝ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ደረስን። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። ካርዴን አወጣሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ገልበጥ አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ።

"አባባ፣ ይሄ እኛ ጋ አይሠራም። ዲፖዚት 60 ሺህ ያስይዙ።"

በዚያ ሌሊት 60 ሺህ ብር ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ ሰው እየቀሰቀሰ ደወለ። ሲነጋጋ ከሦስት ሰው በቴሌብር ተሟላ።

ካርዱ ውሸት አልነበረም። ኢንሹራንሱ በቀጥታ የሚከፍለው ከእሱ ጋር ውል ላላቸው ሆስፒታሎች ነው፤ ሌላ ቦታ ራስህ ከፍለህ ታስመልሳለህ። ይሄ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ጣጣው ማስመለሱ ላይ መጣ። ሁሉንም ስካን አድርጌ ላክሁ። መልሱ፦ የታከሙት ጁላይ 5 ቀን 2016 ነው፣ ያኔ ደንበኛችን አልነበሩም። ግራ ገባኝ። ወረቀቱን ደጋግሜ ሳየው ሐኪሙ በእጁ 07/05/16 ብሎ ጽፏል። ጥር 7 ማለቱ ነው! የካሽ ማሽኑ ደረሰኝ ደግሞ በፈረንጅ ጃንዋሪ 16፣ 2024 ይላል። አንድ ቀን መሆኑን ማን ያስረዳቸው? ስሜም አልገጠመም። ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም የተባለው የአያቴ ነው፤ ልጅቷ የጻፈችው የአባቴን።

ሆስፒታሉ ተመላልሼ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አጻፍኩ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ስሙ ልክ እንደ ፓስፖርቱ። እስከዚያ የደረሰኙ ቀለም ነጥቶ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ስካኑ ባይኖር አልቆልኝ ነበር። ዛሬ ደረሰኝ እጄ ሲገባ እዚያው ካሸሯ ፊት ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ። ገንዘቡ ሰኔ ላይ ገባ።

አሁን ውል ያላቸውን ሆስፒታሎች ስልክ ፍሪጅ ላይ ለጥፌያለሁ። ለዲፖዚት የሚሆን ብርም አስቀምጫለሁ፣ አልነካውም። ቤት የምታግዘኝ ልጅ ግን አሁንም ትስቅብኛለች። እሷ በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ከከበደ ሪፈር ይጽፉላታል። "የጋሼ መድን የሚሠራው ከዳኑ በኋላ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ጳጉሜ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ ሰፈር ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስትሰጠኝ መጀመሪያ ቀኑን አየሁ። 3/13/16። ማርች 13 ሊሉት ነው።

መለስኩላት። "ዶክተር፣ በእግዜር፣ ይቺን በፈረንጅ ጻፊልኝ።"