አባቴ «ስንት ጥይት ይይዛል?» አለኝ

ሽጉጥ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ራፔ ውስጥ ግን 11 ጊዜ ተኩሻለሁ፤ ቆይቼ ቆጠርኩት። ያኔ አንድ ሰው ጆሮዬን ይዞ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ቢት (ራፑ የሚባልበትን ሙዚቃ) ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ ስቱዲዮ ተከራየሁ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቀ። የስቱዲዮው ልጅ መጨረሻው ላይ የተኩስ ድምፅ ጨመረበት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ጉዱ ቤት ነው የጠበቀኝ። አባቴ የሌሊት ጥበቃ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠመንጃ አንግቶ ሲያድር ስለ ጠመንጃው አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። ዘፈኑን ለእህቴ ሳሰማት ገባና ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ይሄ የምትለው ሽጉጥ ስንት ጥይት ይይዛል?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ሲተኮስስ ጆሮህን ምን ያደርግሃል?» አሁንም ዝም። «እንግዲህ የማታውቀውን ሰው ነው የምታወራው» ብሎ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴ እስካሁን ስንጣላ «ስንት ይይዛል?» ትለኛለች።

እልህ ይዞኝ ወደ ሌላው ጥግ ዘለልኩ። ሁለተኛው ሥራዬ ስብከት ሆነ፤ «ወጣቱ ሆይ ንቃ» ዓይነት። ስድብ የለውም፣ ሽጉጥ የለውም፣ ሰውም የለውም። እውነት ለመናገር ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳፍረኛል። ውድድር ላይ ይዤው ቀረብኩ፤ አንዱ ዳኛ «መልእክቱ አሪፍ ነው፣ ግን ጠንከር በል፣ የራፐር ፊት የለህም» አለኝ። የራፐር ፊት ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ዲጄ ኩል ኸርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሂፕሆፕን ያስጀመረው እኮ እህቱ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ነው! ይሄ መልስ የመጣልኝ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ያገኘው ራፐር ኬንድሪክ ላማርም ስለ ወንበዴ ይጽፋል። ግን ያደገው በወንበዴ ቡድኖች በሚታወቀው የካሊፎርኒያ ከተማ ኮምፕተን ነው፤ የሚያወራው ያየውን ነው። የእኔ ጥፋት ሽጉጥ ማንሳቴ ሳይሆን መዋሸቴ ነበር። ስለዚህ «ስድቡን አውጣ፣ ጥሩ ግጥም ይሆናል» የሚሏችሁን አትስሟቸው።

«መጀመሪያ ቢት ምረጥ» የሚሉትንም አልቀበልም። ቢቱ ኮስታራ ከሆነ ሳታስበው ትኮሳተራለህ። እኔ አሁን በባዶ ወረቀት ነው የምጀምረው። ሌላው ወጥመድ የራሳችን ቋንቋ ነው፤ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ተኮስኩ፣ ገደልኩ፣ ነገሥኩ እያልክ ያለ ድካም ቤት ትመታለህ፣ ግጥም የጻፍክም ይመስልሃል። እኔ ስንኙን በስም መዝጋት ጀመርኩ። አቤት ሲያደክም! ግን ምን እንደማወራ እንዳስብ አስገደደኝ።

አስራ ስድስት ባር (አራት አራት ምት ያለው መስመር) በደቂቃ 90 ምት ሲሄድ 43 ሰከንድ ገደማ ነው። በ43 ሰከንድ ወጣቱን ሁሉ ማንቃት አይቻልም። አንድ ሰውዬ ማታ ካፖርት ሲለብስ ማሳየት ግን ይቻላል፤ ሦስተኛው ሥራዬ እሱ ሆነ።

አባቴ ሰማውና «የካፖርቱ ቁልፍ አራት አይደለም፣ ሦስት ነው፤ አንዱ ከወደቀ ቆየ» አለኝ። አስተካክዬ እንደገና ቀረጽኩት። የስቱዲዮው ልጅ በድጋሚ አስከፈለኝ።