ፖፖውን እምቢ ያለው ልጅ ካካውን ይዞ ይሆናል

ሽንቱን ፖፖ ላይ ደህና አድርጎ የሚሸና ልጅ፣ ካካው ሲመጣ ግን ሶፋ ጀርባ ይደበቃል ወይም ዳይፐር ካልተደረገልኝ ብሎ ያለቅሳል። ወላጅ ይህን እልህ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ የሚሸሸው ሕመም ነው።

አንድ ቀን ካካው ደርቆ ሲወጣ ያመዋል፤ ከዚያ ወዲያ መያዝ ይጀምራል። የተያዘ ካካ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይጠነክራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ያማል፣ ልጁም የባሰ ይይዛል። ነገሩ ሲቆይ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጥና መምጣቱን የሚነግረው ስሜት ይደክማል። ያኔ ቀጭኑ ካካ በደረቁ ጎን እያመለጠ ሙታንታውን ያበላሻል። ተቅማጥ ይመስላል እንጂ ድርቀት ነው፤ በዚህ የሚቆጡት ልጅ ደግሞ መምጣቱን እንኳ አላወቀም።

የሚይዝ ልጅ በእግሩ ጣቶች ይቆማል፣ እግሮቹን ያጣብቃል፣ ቂጡን ይጨምቃል፣ ፊቱ ይቀላል። ሲያዩት የሚያምጥ ይመስላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካካው ይለስልስ፣ ፖፖው ይደርሳል። ዳይፐሩን ያለ ቁጣ መልሱለት፤ ዳይፐር ላይ የሚወጣ ካካ ሆድ ውስጥ ከሚቀረው ይሻላል። ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ጨምሩ። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ቀንሱለት፤ ወተቱ ሆዱን ሞልቶ ሌላውን ምግብ ያስተወዋል። በዚህ ካልለሰለሰ ሐኪም ማለስለሻ ያዝለታል። ካካው እንደለሰለሰ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ልጁ ሕመሙን እስኪረሳና የተለጠጠው አንጀት እስኪሰበሰብ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ደም ከታየ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ካስታወከው ወይም ሲሸና ካቃጠለው ግን ሳትቆዩ አሳዩት።

እርግጥ እምቢታ ሁሉ ድርቀት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ለፖፖ የሚደርሱት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ 2 ሰዓት ያህል ደረቅ መቆየት ያልጀመረ ገና ነው። ታናሽ ከተወለደበት ወይም ቤት ከተቀየረ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር እረፍት ስጡት። «ካካህ መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁትም መልሱ «አልመጣም» ነው፤ «የፖፖ ሰዓት ነው» ማለት ይቀላል።

ምግብ በበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሆድ ሲሞላ አንጀት ይንቀሳቀሳል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። እግሩ ከተንጠለጠለ ማማጥ ያቅተዋል፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ እንዲል መርገጫ አድርጉለት። የሳሙና አረፋ እንዲነፋ ስጡት፤ ሲነፋ ሆዱ ወደ ታች ይገፋል። እሱ ሳይነሳ ውሃ አትልቀቁ፣ ድምፁ ያስፈራል።

ከዳይፐር ውጭ አልልም ካለ ቀስ በቀስ ሂዱ፦ መጀመሪያ ዳይፐሩን ለብሶ ሽንት ቤት ውስጥ ይቁም፣ ከዚያ ከነዳይፐሩ ፖፖው ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ዳይፐሩ ይላላ፣ በመጨረሻ ይውለቅ። በየደረጃው ጥቂት ቀን ቆዩ። መያዝ ከጀመረ አንድ ደረጃ ተመለሱ።